«አይተባበርም»፦ እግሩን ስናይ ትኩረቱን ያላየንለት ልጅ

«አይተባበርም።»

ይህን ቃል በአንድ ልጅ ካርድ ላይ ሰባት ቦታ አገኘሁት። ሰባቱም የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የእግሩን መለኪያ ከጻፍኩ በኋላ ከሥር ጣል አደርገው ነበር። አንዱን እንዲያውም አስምሬበታለሁ።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ውሎዬ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ጋር ነው። ስለ ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ስለ ትኩረት ማጣትና መቅበጥበጥ ችግር፣ የማውቀው ድሮ ለፈተና ያነበብኩትን ያህል ነበር። ስለዚህ ይህን ጉዳይ የምጽፈው እንደ ሊቅ ሳይሆን ስቶ እንደተመለሰ ሰው ነው። ልጁን ሊያስለዩ የሚችሉ ነገሮችን ትቻለሁ።

ልጁ

ወደ እኔ ሲመጣ 7 ዓመቱ ነበር። ዋናው ነገር የሆነው ግን 9 ዓመት ሲሞላው ነው። የተወለደው ቀኑ ሳይደርስ በ30ኛው ሳምንት ነው፤ ሲወለድ 1.3 ኪሎ ይመዝን ነበር። ሁለቱም እግሮቹ ግትር ናቸው። እጆቹ ደህና ናቸው፤ ቁልፍ መቆለፍና ቀጭን ነገር ማንሳት ላይ ብቻ ይዘገያል። ሴሬብራል ፓልሲ (በለጋ አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር)፣ በተለይም ሁለቱን እግሮች የሚገትረው ስፓስቲክ ዳይፕሌጂያ የሚባለው ዓይነት ነው። በዎከር፣ በእጅ በሚያዝ የመራመጃ ድጋፍ፣ ይራመዳል። መንገዱ ረዘም ካለ በተሽከርካሪ ወንበር ይሄዳል።

እኛ ባለሙያዎች እንዲህ ያሉ ልጆችን በአምስት ደረጃ እንመድባለን። መለያው እ.ኤ.አ. በ1997 ካናዳ ውስጥ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ በሮበርት ፓሊሳኖና ባልደረቦቹ የተዘጋጀ ነው። 1 ያለ ድጋፍ የሚራመድ ነው፤ 5 ደግሞ ጭንቅላቱን እንኳ ቀና አድርጎ ለመያዝ የሚቸገር። የእኛ ልጅ 3 ነው። ይህች ቁጥር ካርዱ ላይ ከላይ ትጻፋለች። ካርዱን የሚከፍት ሁሉ መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው። እኔም ልጁን በእሷ በኩል ነበር የማየው።

በ2 ዓመቱ የሚጥል በሽታ ሁለት ጊዜ ጥሎት ነበር። ያኔ ፊኖባርቢታል ተጀመረለት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልጣለውም። መድኃኒቱ ግን እንደቀጠለ ነው። ይህንን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወሬ ላይ የሚያህለው የለም። ከሁለት ወር በፊት የነገርኩትን ተረት ከነአውሬዎቹ ስም ይደግምልኛል። ታዲያ እንዲህ ዓይነቱ ልጅ አስር መቁጠር ሲያቅተው ምን ልበል? «አይተባበርም» አልኩ።

አስር ያልሞላው ቆጠራ

ዋናው ልምምዳችን ከወንበር ተነስቶ መቀመጥ ነው። 10 ጊዜ። እንዲህ ይሆን ነበር።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራት ላይ የግድግዳውን ሰዓት ያያል። «ጋሼ፣ ለምንድን ነው ቀዩ ብቻ የሚሮጠው?» እመልስለታለሁ። «እሺ፣ ስንት ደረስን?» «ሁለት።» እንደገና እንጀምራለን። ስድስት ላይ የዎከሩን እጀታ ፕላስቲክ መላጥ ይጀምራል። «በርታ እንጂ!» እለዋለሁ። ብድግ ይልና ለምን እንደተነሳ ይጠፋዋል። ቆሞ ያየኛል። ያ አስተያየት እልህ ይመስለኝ ነበር።

ቤት ውስጥም ያው ነው። ለእናቱ ልምምዶቹን በደብተር እሰጣታለሁ፤ በየቀኑ በተሠራው ላይ ራይት ታደርጋለች። ደብተሩ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው የሚመጣው። እናቱ ሐኪም አለመሆኔን ብነግራትም ዶክተር ማለቷን አልተወችም። «ዶክተር፣ እኔ እኮ ሰነፍ አይደለሁም» አለችኝ አንድ ቀን። «ጫማህን አምጣ ብዬ እልከዋለሁ። በዎከሩ ተንፏቆ መኝታ ቤት ይደርሳል። ከዚያ ይቀራል። ስሄድ አንድ ካልሲ በእጁ ይዞ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ምነው ስለው ‹ምን ነበር ያልሽኝ?› ይለኛል።»

ይህን ስትነግረኝ በደብተሬ ምን እንደጻፍኩ ላንብብላችሁ፦ «በቤት ውስጥ የመራመድ ጽናት አነስተኛ።» ሴትየዋ ስለ መርሳት እያወራችኝ እኔ ስለ እግር ጻፍኩ።

ለራሴ ጥብቅና ልቁምና፣ ያ ግምት ከሜዳ የመጣ አይደለም። እንደ እሱ ያለ ልጅ አንድ ክፍል ለማቋረጥ ከእኩዮቹ ብዙ እጥፍ ጉልበት ያወጣል። ጉልበት ብቻም አይደለም። እኔና እናንተ ስንራመድ ስለ እግራችን አናስብም። እሱ ያስባል። የትኛው እግር እንደሚቀድም፣ ዎከሩ የት እንደሚያርፍ፣ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ምን እንደሚያደናቅፈው ያሰላል። ለጫማው የሚተርፍ ሐሳብ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ሁሉን በእግሩ ማሳበብ ይቻላል። ቀላል የሆነውም ለዚህ ነው።

ከትምህርት ቤት የመጣው ማስታወሻ ደግሞ አጭር ነበር። «ይችላል፤ ግን አይፈልግም። አንዳንዴ ፈዝዞ ይቀራል።»

ጄሶው

ዓይኔን የገለጠው ጄሶ ነው።

ቁርጭምጭሚቱን ለማላላት ሁለቱን እግሮቹን በየሳምንቱ በሚቀየር ጄሶ ለ3 ሳምንት አሰርንለት። በዚያ ጊዜ ልምምድ የለም። ቀጠሮው ግን ስላለ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ብዬ ካርታ ማዛመድ ጨዋታ አወጣሁ። 12 ካርዶች፣ ስድስት ጥንድ ሥዕሎች፣ ተገልብጠው። ጥሩ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። ጀርባው ተደግፏል። እግሩ ጄሶ ውስጥ ነው፤ ከእሱ የሚጠበቅ ምንም ነገር የለም።

አንበሳውን ገለጠ። ሌላውን አንበሳ ቀድሞ አይቶታል፤ የት እንዳለም ያውቃል። እጁን ሰደደ። መሐል ላይ በኮሪደሩ ሰው አለፈ። እጁ አየር ላይ ቆመ። ስለ አላፊው ሰው ጫማ ማውራት ጀመረ። ሲመለስ አጠገቡ ያለውን ካርድ ገለጠ። ዝሆን። «ውይ!» አለ፤ ከልቡ ተናደደ። መጫወት ይፈልጋል። ማሸነፍም ይፈልጋል። አልቻለም።

ልክ እንደ አስሩ ቆጠራ ነው የሆነው። አራት፣ ከዚያ ሰዓቱ፣ ከዚያ «ስንት ነበር?» ልዩነቱ አሁን እግሩ የለበትም።

ያን ቀን ማታ ነው ካርዱን ከመጀመሪያው ገጽ ያነበብኩት። ሰባቷንም የቆጠርኩት ያኔ ነው።

«ምነው በተነሳልኝ!»

አብራን የምትሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ አለች። ነገርኳት። «ኤዲኤችዲ አስበሃል?» አለችኝ። ሳቅ ብዬ «ይሄ ልጅ እንኳን ሊሮጥ» ማለቴን አስታውሳለሁ። እሷ አልሳቀችም። መጠይቁን ሰጠችኝ።

መጠይቁ 18 ነገር ይጠይቃል። 9ኙ ስለ ትኩረት፣ 9ኙ ስለ መቅበጥበጥና ስለ ችኩልነት ነው። ከእናቱ ጋር ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ሞላነው።

«መቀመጥ ሲገባው ከመቀመጫው ይነሳል?»

እናቱ ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ምነው በተነሳልኝ!»

«ያለ ቦታው ይሮጣል፣ ይንጠላጠላል?» ዝም ብለን ተያየን።

መጠይቁ የተሠራው እግር ላለው ልጅ ነው። ለእኛ ልጅ ሁለቱም መልሶች «በፍጹም» ናቸው። ውጤቱ ሲደመር ረጋ ያለ፣ ጨዋ ልጅ ይመስላል። እግሩ የሚከለክለውን ነገር ጠባዩ የከለከለው አድርጎ ነው የሚቆጥረው። የተገላቢጦሹም አለ። «እጅና እግሩ አያርፍም» የሚለው ጥያቄ፣ ሰውነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ለሚንቀሳቀስ ሌሎች የሴሬብራል ፓልሲ ልጆች ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ያ መንቀሳቀስ ግን ኤዲኤችዲ አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥ አድርጌ ጠየቅኳት። «እግር ቢኖረው ኖሮ የት የሚሄድ ይመስልዎታል?»

ለአፍታ አሰበች። ከዚያ አላቆመችም። ምግብ ላይ አንድ ጉርሻ ከጎረሰ በኋላ ማንኪያውን ከበሮ ያደርገዋል። ተሽከርካሪ ወንበሩን ግድግዳ እያስነካ ወደፊትና ወደኋላ ይነዳዋል። ሰው ሲያወራ መሐል ይገባል። ካርቱን ሲያይ እንኳ ምላሱ አያርፍም። ተኝቶም ያወራል። ለካ ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሮጥ ኖሯል። የሚሮጠው በአፉና በእጁ ስለሆነ አላየነውም።

ብርቅ አይደለም

ይህ የአንድ ልጅ እንግዳ ገጠመኝ እንዳይመስላችሁ። በጠቅላላው ሲታይ ከ100 ልጆች 5 ገደማ የሚሆኑት ኤዲኤችዲ አለባቸው። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው መካከል ግን ቁጥሩ በብዙ ይበልጣል። በስዊድን የጎተንበርግ ተመራማሪዎች ለትምህርት የደረሱ የሴሬብራል ፓልሲ ልጆችን በጥንቃቄ መርምረው ኤዲኤችዲን ከ100 በ30 ገደማ ላይ አግኝተውታል። ሌሎች ጥናቶች ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣሉ። ዝቅተኛውም ቢሆን ከተራው የላቀ ነው።

ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ቀድመው በሚወለዱ ልጆች በብዛት የሚጎዳው በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ ያለባቸውን ክፍተቶች የከበበው ነጭ ክፍል ነው። ነጩ ክፍል እንደ ሽቦ ነው፤ አንዱን የአንጎል ክፍል ከሌላው ያገናኛል። የእግር ሽቦዎች እዚያ ያልፋሉ። እግር የሚገትረው ለዚህ ነው። ትኩረትን የሚመሩ ግንኙነቶችም ከዚያው ሰፈር አይርቁም። ጉዳቱ እግሩን ብቻ መርጦ አይመታም።

ትርጓሜውም ይህን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2007 በፒተር ሮዘንባውም መሪነት የወጣው የሴሬብራል ፓልሲ ፍቺ ከእንቅስቃሴ ችግሩ ጋር የስሜት ሕዋስ፣ የማሰብ፣ የመግባባትና የጠባይ ችግሮች፣ የሚጥል በሽታም ብዙ ጊዜ አብረው እንደሚመጡ በግልጽ ይጠቅሳል። ፍቺውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ለተማሪዎች አስተምረዋለሁ። ልጁ ፊት ግን «ጠባይ» የሚለውን ቃል ዘልዬው አልፌያለሁ።

መላጥ

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ወዲያው «ኤዲኤችዲ ነው» አላለችም። «መጀመሪያ እንላጠው» አለች። ኤዲኤችዲ መስሎ የሚታየውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ አንስቶ፣ በመጨረሻ የሚተርፈውን ማየት ማለቷ ነው። ከጉዳዩ ሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደብን ይህ ነው፤ ብዙ የተማርኩትም እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሥጋት መፍዘዙ ነበር። የሚጥል በሽታ ሁልጊዜ አይጥልም። አንዳንዱ ልጅን ለሰከንዶች ብቻ ነው የሚያፈዘው። የአንጎል ሐኪሙ ለእናቱና ለመምህርቱ ቀላል የቤት ሥራ ሰጣቸው። ሲፈዝ ትከሻውን ነካ አድርጉት፣ ስሙን ጥሩት፣ ከተቻለም በስልክ ቅረጹት። ሐሳቡ የሄደበት ልጅ ሲነካ ይመለሳል። የሚጥል በሽታ የያዘው ልጅ ግን ብትነኩትም እስኪያልፍለት አይመለስም፤ ንግግር ላይ ከሆነም ቃሉ መሐል ላይ ይቆረጣል። የእኛ ልጅ በተነካ ቁጥር «አቤት» አለ። ኢኢጂውም (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራው)፣ በእንቅልፉ ጭምር ተነስቶ፣ የሚያሳስብ ነገር አላሳየም።

ከዚያ ሐኪሙ መድኃኒቱን ጠየቀ። «ፊኖባርቢታል? እስካሁን?»

ፊኖባርቢታል የቆየና ጠቃሚ መድኃኒት ነው። ልጆች ላይ ግን አንድ ጠባይ አለው። ትልቅ ሰው ያስተኛል፤ አንዳንድ ልጅን ደግሞ ያቅበጠብጠዋል፣ ያስነጫንጨዋል፣ እንቅልፉን ያውከዋል። ልጁ ሰባት ዓመት ሳይጥለው ቆይቷል። ሐኪሙ በወራት ውስጥ በዝግታ እየቀነሰ አስቆመው። (ይህን መድኃኒት በገዛ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ማቆም ከባድ መጣል ያስከትላል። አትሞክሩት።) ውጤቱ ታየ። ንጭንጩ በረደ። ማታ ማታ ማውራቱም ቀነሰ። እናቱ «ልጄን መለሳችሁልኝ» አለች። እውነቱን ለመናገር እኔም እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አላለቀም። ካርዶቹን አወጣሁ። አንበሳ፣ ኮሪደር፣ ዝሆን።

ቀጠልን። ጆሮው ተለካ፤ ደህና ነው። ዓይኑም ራቅና ቀረብ ያለውን በደንብ ያያል። ሆኖም የሙያ ቴራፒስቷ፣ ልጆች የዕለት ተዕለት ሥራቸውን እንዲችሉ የምትረዳው ባልደረባችን፣ አንድ ነገር አስተዋለች። በፊደል የታጨቀ ገጽ ስታሳየው ይጠፋል። አንድ መስመር ብቻ ስታሳየው ያነባል። ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ አንጎሉ የተጨናነቀ ምስል መለየት ያቅተዋል፤ ይህም በእነዚህ ልጆች የተለመደ ነው። ከካርቶን ቀጭን መስኮት ቆረጠችለት። በገጹ ላይ እያንሸራተተ በመስኮቱ ብቻ ያነባል። ይህ ካርቶን ከሠራነው ሁሉ ርካሹ ነው።

እንቅልፉን ስንመረምር ደግሞ ጣቱ ወደ እኔ ዞረ። ማታ ማታ እንዲያስር ያዘዝኩለት ስፕሊንት (ጠንካራ የእግር መደገፊያ) አለ፤ የቁርጭምጭሚቱ ጅማት እንዳያጥር። እናቱን «ሌሊት ይነቃል?» አልናት። «ሁለት ሦስቴ። ‹እግሬን› እያለ።» ስፕሊንቱን አስመጣሁት። ተረከዙ ላይ ሳንቲም የምታህል ቀይ ምልክት አለ። እግሩ አድጓል፤ ስፕሊንቱ አላደገም። ልጁ በእኔ ትእዛዝ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል፤ ቀን ላይ ትኩረት ሲያጣ ደግሞ ያው እኔው «አይተባበርም» እላለሁ። በሳምንቱ አዲስ ተሠራለት። የዳሌ ራጅም አነሳነው። እነዚህ ልጆች ዳሌያቸው ቀስ እያለ ከጎድጓዳው ሊወጣ ይችላል፤ ሕመሙን ቶሎ የማይናገር ልጅም አለ። ዳሌው ደህና ነበር።

የመጨረሻው ወንበሩ ነው። የክፍሉን ፎቶ መምህርቱ ላከችልን። እግሩ መሬት አይነካም፤ ተንጠልጥሏል። እንዲህ የተቀመጠ ግትር እግር ያለው ልጅ ግማሽ ሐሳቡ ላለመውደቅ ነው የሚውለው። ከእግሩ ሥር ሳጥን፣ ከጎኑ መደገፊያ፣ ጠረጴዛው ደግሞ ከፍ። መምህርቱ በሳምንቱ «ቀጥ ብሎ ይጽፋል» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ግን፦ «አሁንም ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ይጠፋል።»

የተረፈው

ሁሉንም ከላጥን በኋላ የተረፈውን ይዘን ተሰበሰብን። ስብሰባው ሰላማዊ አልነበረም።

የሙያ ቴራፒስቷ አልተስማማችም። «ቀርፋፋ እንጂ ትኩረት የለሽ አይደለም» አለች። ተሳስታለች ማለት አልችልም። ብዙ የሴሬብራል ፓልሲ ልጆች መረጃን የሚያብላሉት በዝግታ ነው። መምህር ሦስተኛውን ትእዛዝ ስትሰጥ እነሱ ገና የመጀመሪያውን እያብላሉ ነው። ከውጭ ሲታይ ያልሰማ ይመስላል። በቂ ጊዜ ሲሰጣቸው ግን ይጨርሳሉ።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ የመለሰችው በፈተናው ነው። እጅም ሰዓትም የማያስፈልጋቸውን ክፍሎች መርጣ በቃል ብቻ ነበር የፈተነችው። የቋንቋና የማመዛዘን ችሎታው የእድሜው ነው። ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ነው፤ በዚህ ቴራፒስቷ ልክ ናት። ነገር ግን ያለ ሰዓት ገደብ ሲሠራም መሐል ላይ ይለቃል። ጊዜ በጨመሩለት ቁጥር የሚለቅበት ቦታ በዛ እንጂ አልቀነሰም። ቀርፋፋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜ ይጠቅመው ነበር።

መስፈርቱን አየን። ከ9ኙ የትኩረት ምልክቶች ቢያንስ 6፣ ለ6 ወርና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ዓመት በፊት የጀመረ፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ የሚታይ። ቤት፣ ክፍል፣ የእኔ ክሊኒክ፦ ሦስት ቦታ። ሰባት ምልክት ነበረው። እኛም «ይህ በእግሩ፣ በእንቅልፉ ወይም በዓይኑ ሊብራራ ይችላል?» ብለን በእያንዳንዱ ላይ ተከራክረናል። ትኩረት ማጣቱ የሚያመዝንበት ኤዲኤችዲ ተባለ። ቴራፒስቷም በመጨረሻ ፈረመች፤ «ፍጥነቱም ይጻፍ» ብላ። ተጻፈ።

ምን አደረግን

መጀመሪያ የለወጥነው ልጁን ሳይሆን ራሳችንን ነው። የ20 ደቂቃውን የቤት ልምምድ አራት ቦታ ከፈልኩት፤ ጠዋት ሲለብስ 5፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ 5፣ እንዲህ እያለ። ትእዛዝ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ። እናቱ «ጫማህን» ትለዋለች፤ ሲደግምላት ትልከዋለች። የዎከሩ እጀታ ላይ ትንሽ ሥዕል እንለጥፋለን። ጫማ ከሆነ የሚያመጣው የጫማ ሥዕል። መኝታ ቤት ደርሶ ከጠፋው እጁ ሥር ያየዋል። ይህ የእናቱ ፈጠራ ነው፤ እኔ አልጨመርኩበትም።

ለሦስት ወር በዚህ ሄድን። ደብተሩ ላይ ራይቱ በዛ። ክፍል ውስጥ ግን መምህርቱ ከ30 በላይ ልጆች ይዛ አጠገቡ መቆም አትችልም። ያኔ ሐኪሙ የኤዲኤችዲ መድኃኒት የሆነውን ሜቲልፌኒዴትን አነሳ።

ይህ መድኃኒት አዲስ አይደለም። በስዊዘርላንድ ሊያንድሮ ፓኒዞን የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1944 ነው የሠራው። ሪታሊን የሚለው የንግድ ስሙ ከሚስቱ ከሪታ ስም የመጣ ነው። በተራው ኤዲኤችዲ ላይ ብዙ ተጠንቷል። ሴሬብራል ፓልሲ ባለባቸው ልጆች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። ሐኪሙ ይህን ለወላጆቹ ሳይሸፍን ነገራቸው።

አባትየው ሥጋት ነበረው። «መጣሉ ቢመለስስ?» ጥያቄው ትክክል ነው። የሚጥል በሽታ በደንብ ከተረጋጋ መድኃኒቱ ክልክል አይደለም፤ ክትትል ግን ይፈልጋል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፦ ኪሎው። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። እነዚህ ልጆች ድሮም ቀጭን ናቸው፤ የሚቀነስላቸው የለም። ልጁ 22 ኪሎ ነበር። ልቡ ተደመጠ፣ ግፊቱ ተለካ፣ ኪሎው ተመዘገበ፤ ከቁርስ በኋላ በትንሹ መጠን ተጀመረ።

የመጀመሪያው ሳምንት ምንም። በሁለተኛው መጠኑ ትንሽ ከፍ አለ። መምህርቱ ለማን ምን እንደተሰጠ አታውቅም ነበር፤ ሆን ብለን ነው። ዓርብ ዕለት የላከችው ማስታወሻ ሦስት ቃል ብቻ ነው። «ምን ተፈጠረ? ጨረሰ።»

ዋጋም አለው። ምሳ መብላት ተወ። በወሩ 700 ግራም ቀነሰ። ቁርሱን ከኪኒኑ በፊት ጠንከር፣ እራቱን ደግሞ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ረዘም ማድረግ ነበረብን። ኪሎው ለመመለስ ሦስት ወር ፈጀ። አንድ ሰሞን ደግሞ ዝም አለ። ያ ወሬኛ ልጅ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። መምህርቱ ደስ ብሏት ነበር፤ እናቱ ግን አልወደደችውም። «ይሄ የኔ ልጅ አይደለም» አለች። ልክ ነበረች፤ መጠኑ በዝቶበታል። ሐኪሙ ዝቅ አደረገው፤ ወሬው ተመለሰ።

የመድኃኒቱ ቶሎ የሚያልቀው ዓይነት ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምርና 3 ወይም 4 ሰዓት ይሠራል። ይህን ስሰማ ቀጠሮውን አየሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ የማየው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከትምህርት ደክሞ ሲመጣ። ወደ ጠዋት አዛወርኩት።

አሁን

ልጁ 10 ዓመት አልፎታል። እግሩ አልተለወጠም። ግትርነቱ ያው፣ ደረጃውም ያው 3 ነው። ትኩረት የሚያክም መድኃኒት ጡንቻ አያላላም፤ አንዳንድ ወላጅ እንዲህ ተስፋ ሲያደርግ ስለማይ ነው የምናገረው። የተለወጠው መውደቁ ነው። በፊት በሳምንት ብዙ ጊዜ ይወድቅ ነበር፤ እኔም በሚዛን ማጣት ነበር የማመካኘው። አሁን የምንጣፉን ጠርዝ ከመድረሱ በፊት ያየዋል።

ማታ ማታ አሁንም ከባድ ነው። መድኃኒቱ አልቋል፣ እግሩ ደክሟል፣ የቤት ሥራው ደግሞ አልተነካም። እናቱ በዚህ ጉዳይ ከትምህርት ቤቱ ጋር አንድ ዓመት ተጨቃጭቃ የቤት ሥራውን በግማሽ አስቀንሳለች። ካልሲ አሁንም አንድ ብቻ ይዞ የሚመጣበት ቀን አለ።

ያለፈው ማክሰኞ ከወንበር መነሳት ስንሠራ ስልኬ ጮኸ። ዞር ብዬ አየሁት። ስመለስ ቆሟል፤ ወንበሩን ይዞ ያየኛል። ያ የድሮው አስተያየት መስሎኝ «ስንት ነበርን?» አልኩት።

«ስምንት» አለኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የረሱት።»

ሁለቱን ጨመረና ተቀመጠ። በሚቀጥለው ወር የዳሌ ራጅ አለው። ቀጠሮውን ካርዱ ላይ ጻፍኩት፤ የዎከሩ እጀታ ላይም ለጠፍኩት።